የሜሪደን መንታ ሞተሮች፤ አሠራራቸው፣ ውድቀታቸውና ዛሬም የሚጋልቧቸው ሰዎች

በእንግሊዝ አገር፣ በኮቨንትሪና በበርሚንግሃም ከተሞች መካከል፣ ሜሪደን የምትባል መንደር አለች። የአገሩ ሰው በጥንት ልማድ የእንግሊዝ እምብርት እያለ ይጠራታል። በዚህች መንደር አጠገብ ከ1942 እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ትራያምፍ የተባለው ሞተር ብስክሌት የሚሠራበት ፋብሪካ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተመለከቱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ፋብሪካው ፈርሷል፤ ማሽኖቹ ተሸጠዋል፤ ሠራተኞቹም ተበትነዋል። ከበሩ የወጡት ሞተር ብስክሌቶች ግን ብዙዎቹ እስከ ዛሬ በመንገድ ላይ ይታያሉ። ባለቤቶቻቸው በእግር እየረገጡ ያስነሷቸዋል፤ የሚያንጠባጥቡትን ዘይት ከወለል ላይ ይጠርጋሉ፤ በጉዞ መካከል የላሉ ብሎኖችን ያጠብቃሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በደስታ ነው፤ ምሬት ቢኖርም ከደስታው ጋር የተቀላቀለ ነው። አንድ መኪና ጉድለቱ እየታወቀ እንዲህ የሚወደድበት ምክንያት ምንድን ነው? ጉድለቱስ ከየት መጣ? ሁለቱ ጥያቄዎች የማይገናኙ ይመስላሉ እንጂ የሁለቱም መልስ በአብዛኛው የሚገኘው ከሞተሩ ንድፍ ውስጥ ነው።

ትራያምፍን የመሠረተው ከጀርመን አገር፣ ከኑረምበርግ የመጣው ሲግፍሪድ ቤትማን ነው። ኩባንያው በመጀመሪያ ተራ ብስክሌት ይሠራ ነበር፤ በ1902 ሚኔርቫ የተባለውን የቤልጅግ ሞተር ገጥሞ የመጀመሪያውን ሞተር ብስክሌት አወጣ። በ1936 የሞተር ብስክሌቱ ሥራ በገንዘብ ችግር ላይ ሳለ ጃክ ሳንግስተር የተባለ የኢንዱስትሪ ሰው ገዛውና ኤድዋርድ ተርነርን ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ተርነር ንድፍ አውጪ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከሒሳብ ይልቅ ለመልክና ለዋጋ የተለየ ዓይን የነበረው ሰው ነበር ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ገዢ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ዓይኑ መርካት እንዳለበት ያውቅ ነበር።

በ1937 ተርነር ስፒድ ትዊን የተባለውን ባለ 498 ሲሲ ሞተር ብስክሌት አቀረበ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት አብዛኛው ባለ አንድ ሲሊንደር ሲሆን፣ አንዱ ትልቅ ፒስተን በፈነዳ ቁጥር ጋላቢውን እንደ መዶሻ ይመታው ነበር። ተርነር ሁለት ትናንሽ ሲሊንደሮችን ጎን ለጎን አቆመ። ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ፤ የሚፈነዱት ግን በየተራ ነው። ስለዚህ ክራንክ ሻፍቱ አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንድ ፍንዳታ ይገኛል፤ የኃይሉ አመጣጥ እኩል፣ ድምፁም የተስተካከለ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሞተሩ ጠባብና ቀላል በመሆኑ ለባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ተሠርቶ ከነበረው አካል ውስጥ ያለ ብዙ ለውጥ ገባ። ፋብሪካው አዲስ ሞተር አገኘ፤ አዲስ አካል ለመሥራት ግን ወጪ አልጠየቀውም። ከጦርነቱ በኋላ ቢ.ኤስ.ኤ.፣ ኖርተንና ሌሎቹም ተወዳዳሪዎች ይህንኑ አሠራር ተከተሉ፤ ከዚያም በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ሲባል በብዙ ሰው ሐሳብ የሚመጣው ይኸው መንታ ሞተር ሆነ።

ነገር ግን ፒስተኖቹ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ በመሆናቸው ከሚዛን አንጻር ሁለቱ ተደምረው እንደ አንድ ትልቅ ፒስተን ይቆጠራሉ። በክራንክ ሻፍቱ ላይ የሚደረገው መመጣጠኛ ክብደት ወደ ላይና ወደ ታች ከሚገፋው ኃይል ከፊሉን ያጠፋል፤ ያጠፋውን ያህል ደግሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፋ ኃይል ይፈጥራል። ፈጽሞ ሊወገድ አይችልም፤ አቅጣጫውን መምረጥ ብቻ ነው የሚቻለው። ይህ ኃይል በሚንቀሳቀሰው ክብደት ልክ ያድጋል፤ በዙር ፍጥነት ግን በካሬ ነው የሚያድገው። ሞተሩ በደቂቃ ከ5,000 ዙር ወደ 7,000 ከፍ ሲል መንቀጥቀጡ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ተርነር ሞተሩን የነደፈው በ500 ሲሲ መጠን በጨዋ ፍጥነት እንዲዞር ነበር። ነጋዴዎቹ ግን በየጊዜው ጨምሩ እያሉ 650፣ በመጨረሻም በ1973 ወደ 750 ሲሲ አደረሱት። የመብራት አምፖሎች የሚቃጠሉት፣ የብረት ማቀፊያዎች የሚሰነጠቁት፣ የጋላቢው ጣት ከረጅም ጉዞ በኋላ የሚደነዝዘው በዚህ ምክንያት ነው። ኖርተን በ1967 ኮማንዶ በተባለው ሞዴሉ ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና የኋላውን እግር አንድ ላይ አስሮ በጎማ ላይ አሳረፈው፤ ይህም ብልሃት ነበር፤ መንቀጥቀጡ ግን ከጋላቢው ራቀ እንጂ ከሞተሩ አልጠፋም።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በኅዳር ወር 1940 ሌሊት የጀርመን አውሮፕላኖች ኮቨንትሪን ሲደበድቡ የትራያምፍ ፋብሪካ ወደመ። ሜሪደን የተሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ እንግሊዝ የውጭ ምንዛሪ እጅግ ስለቸገራት ብረት የሚታደለው በተለይ ወደ ውጭ አገር ለሚሸጥ ፋብሪካ ሆነ፤ ተርነርም ፊቱን ወደ አሜሪካ አዞረ። በ1956 ጆኒ አለን የተባለ አሜሪካዊ በዩታ ግዛት በሚገኘው የቦነቪል የጨው ሜዳ ላይ በትራያምፍ ሞተር የሚሄድ እንደ ጥይት የሾለ ተሽከርካሪ በሰዓት 344 ኪሎ ሜትር ገደማ ነዳ። የዓለም አቀፉ ማኅበር ክብረ ወሰኑን አላጸድቅም ብሎ ረጅም ክርክር ተነሣ፤ ፋብሪካው ግን ክርክሩን ለፍርድ ቤት፣ ስሙን ለገበያ አደረገውና በ1959 ባለ ሁለት ካርቡሬተሩን ሞዴል ቦነቪል ብሎ ሰየመው። በዚያ ዘመን ለወጣት ከዚህ የበለጠ ምኞት አልነበረም ማለት ይቻላል።

እንግዲህ ከዚያ ዘመን የተረፈ አንድ ቦነቪል የገዛ ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው ችግር መፍቻ ነው። ጆሴፍ ዊትዎርዝ በ1841 የብሎን ጥርስ በመላ አገሪቱ አንድ ወጥ እንዲሆን ሐሳብ ያቀረበ ታላቅ መሐንዲስ ነበር፤ የጥርሱን ማዕዘን 55 ዲግሪ አደረገው። የብስክሌት ሠሪዎች ደግሞ በኋላ የራሳቸውን መለኪያ አወጡ፤ ማዕዘኑ 60 ዲግሪ፣ በአንድ ኢንች ውስጥም 26 ጥርስ። ሞተር ብስክሌቱ የሁለቱም ወራሽ ሆነ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ከአሜሪካ ጋር የተስማማው መለኪያ ሲጨመር አንዱ ሞተር ብስክሌት የሦስት ሥርዓት ብሎኖች ተሸካሚ ሆነ። በዚህ ላይ በጥንቱ የእንግሊዝ መፍቻ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የዳዶውን ስፋት ሳይሆን የብሎኑን ውፍረት የሚያመለክት ነው። በጦርነቱ ጊዜ ብረት ለመቆጠብ ሲባል የብሎኑ ራስ በአንድ ቁጥር እንዲያንስ ስለተደረገ አንዱ መፍቻ ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ተቀርጸውበት ይገኛል። ይህን ያላወቀ ሰው በሚሊሜትር መፍቻ ይጀምርና የብሎኑን ራስ አሙልጦ ይጨርሳል። ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ላይ ራሱ የተላጠ ብሎን ሲገኝ የቀድሞው ባለቤት ምን ዓይነት ሰው እንደነበረ ይታወቃል፤ እንደ ፊርማ ነው።

ማስነሣቱም ራሱን የቻለ ሥርዓት አለው። ባለቤቱ ጠዋት በመጀመሪያ የፍሪሲዮኑን እጀታ ይዞ መርገጫውን ሁለት ሦስት ጊዜ ይረግጣል፤ ሳህኖቹ ሌሊቱን በዘይት ተጣብቀው ስለሚያድሩ ማላቀቅ ያስፈልጋል። ከዚያ የቤንዚኑን መዝጊያ ይከፍታል፤ በካርቡሬተሩ ላይ ያለችውን ትንሽ መጫኛ ቤንዚን ጣቱን እስኪያርሰው ድረስ ይነካካል። ቀጥሎ መርገጫውን በቀስታ እየገፋ ፒስተኖቹ አየሩን አምቀው የሚቆሙበትን ቦታ በእግሩ ይፈልጋል፤ ጥቂት ያሳልፈውና በሙሉ ክብደቱ ይረግጣል። በአሮጌዎቹ ሞዴሎች ላይ የእሳቱን ሰዓት የሚቀድምና የሚያዘገይ ዘንግ በመሪው ላይ አለ። ዘንጉን ማዘግየት የረሳ ሰው ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታውና ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ይቀመጣል። በትክክል የተስተካከለ ሞተር ግን በአንድ ወይም በሁለት ርግጫ ይነሣል፤ በአሥር ርግጫ ያልተነሣ ሞተርም በአሥራ አንደኛው ስለማይነሣ ካንዴላውን መፍታት ይሻላል።

ስለ ዘይቱ ብዙ ቀልድ ይነገራል። ከሥሩ የዘይት ጠብታ ካልታየ በውስጡ ዘይት አልቋል ማለት ነው እየተባለ ይቀለዳል። ምክንያቱ ግን ቀልድ አይደለም። የሞተሩ ግርጌ ከመካከሉ ቁልቁል ተሰንጥቆ በሁለት ግማሽ የተሠራ ነው፤ መገጣጠሚያው ዘይቱ ካለበት ሥፍራ በታች ድረስ ይወርዳል። ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ሲወርዱ ደግሞ ከሥር ያለውን አየር እንደ ወናፍ ይገፉታል፤ መተንፈሻው ጠባብ ከሆነ አየሩ በየመገጣጠሚያው ዘይት እየያዘ ይወጣል። በዚህ ላይ የፋብሪካው ማሽኖች ያረጁ ስለነበሩ የተላጉት ፊቶች ፍጹም ልሙጥ አልነበሩም፤ በመካከላቸው የሚገባው የወረቀት ጓርኒሲዮን ሁሉን ሊሸፍን አይችልም። የዛሬ ባለቤቶች ፊቶቹን በመስተዋት ላይ በጥንቃቄ እየፈተጉ ካስተካከሉ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚከፈት መተንፈሻም ከገጠሙ በኋላ ሞተሩ ደረቅ ሆኖ ይውላል። ስለዚህ ችግሩ ሊወገድ የማይችል አልነበረም፤ በፋብሪካው ጊዜ ያልተወገደው ገንዘብ የሚያወጣለት ሰው ስላልነበረ ነው።

የኤሌክትሪኩ ነገር ብዙ አያነጋግርም። መብራቱን የሚሠራው ሉካስ የተባለው የበርሚንግሃም ኩባንያ ጋላቢዎች «የጨለማው ልዑል» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል፤ ፍርዱ ከመጠን ያለፈ ነው። ከመንቀጥቀጡ የተነሣ ሽቦ የሚበጠስበት ሞተር ላይ የተሻለ ዕቃም ቢሆን ረጅም ዕድሜ አይኖረውም ነበር። ጀማሪ ባለቤት ሊጠነቀቅ የሚገባው የባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ከብረቱ አካል ጋር የሚታሠር መሆኑን ነው። በዘመኑ ልማድ አሉታዊውን ያሠረ ሰው ኤሌክትሪኩን የሚቆጣጠሩትን ዕቃዎች ወዲያውኑ ያቃጥላል።

በመንገድ ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ማርሽ በቀኝ እግር፣ የኋላ ፍሬን በግራ እግር ነበር። የአሜሪካ መንግሥት ማርሹ በግራ እንዲሆን ደንብ ካወጣ በኋላ ፋብሪካዎቹ ቀየሩት። በዘመናዊ ሞተር ብስክሌት የለመደ ሰው አሮጌውን ይዞ ሲወጣ በድንገት ፍሬን ያስፈልገውና ማርሽ ይቀይራል። ልምዱ አካሉ ውስጥ የገባ ስለሆነ ማሰብ አይረዳም፤ ጥቂት ሳምንት በጸጥተኛ መንገድ ላይ መልመድ ብቻ ነው መድኃኒቱ። የፊቱም ፍሬን ከበሮ በመሆኑ ርቆ ማየትን፣ ቀድሞ ማሰብን ይጠይቃል።

ታዲያ ደስታው የት ላይ ነው? መኪናው ቀላልና ጠባብ ነው፤ ወደ ጠመዝማዛ መንገድ ሲገባ ጋላቢው ያሰበበትን ቦታ ያውቅ ይመስል ይታጠፋል። ሞተሩ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ስለሚጎትት በየጊዜው ማርሽ መቀያየር አያስፈልግም፤ በሰዓት በ80 ወይም በ90 ኪሎ ሜትር በገጠር መንገድ ሲሄድ መንቀጥቀጡ ወደ ምት ይለወጣል፤ የማርሚታው ድምፅም ከአጥር ተመልሶ ይሰማል። ከዚህ የሚበልጥ ግን ሌላ ነገር አለ። ይህ ሞተር ሁሉንም ለባለቤቱ ይነግረዋል። ቫልቩ ሲላላ ይንኳኳል፤ ሰንሰለቱ ሲረዝም ያጉረመርማል፤ ቤንዚኑ ሲበዛ ካንዴላው ይጠቁራል። ባለቤቱ በጥቂት መፍቻና በአንድ ቀጭን የልኬት ምላጭ፣ ከአንድ ቀን ባልበለጠ ጊዜ፣ ቴስታታውን አንሥቶ ውስጡን ሊያይ ይችላል። መኪና ማለት ምን እንደሆነ በእጅ የሚያስተምር ዕቃ ከዚህ የተሻለ ጥቂት ነው።

ይህ ሁሉ እያለ ፋብሪካው ለምን ወደቀ? ተርነር ራሱ በ1960 ወደ ጃፓን ሄዶ የሆንዳን፣ የሱዙኪንና የያማሃን ሥራ አይቶ ተመልሷል፤ ያየውንም ለአለቆቹ በጽሑፍ አቅርቧል። ስለዚህ አላወቁም ነበር አይባልም። የነበረው አስተያየት ጃፓኖች ትናንሽ ሞተር ብስክሌት ይሠራሉ፤ ወጣቱ በዚያ ይለምድና ሲጎለምስ ወደ እኛ ይመጣል የሚል ነበር። በእያንዳንዱ መጠን ጃፓኖች በመጡ ቁጥር እንግሊዞች ትርፉ አነስተኛ ነው እያሉ ለቀቁላቸው፤ ወደ ላይ ሸሹ፤ በመጨረሻም የሚሸሹበት ቦታ አጡ። በ1969 የሆንዳ ባለ አራት ሲሊንደር 750 ሲሲ ሞተር ብስክሌት ገበያ ላይ ሲወጣ በኤሌክትሪክ የሚነሣ፣ ባለ ዲስክ ፍሬንና ዘይት የማያንጠባጥብ ነበር፤ የሞተሩ ግርጌ የተሰነጠቀው አግድም ነውና። ትራያምፍ በኤሌክትሪክ የሚነሣ መንታ ሞተር ያቀረበው በ1980 ነው።

ለመሐንዲስ ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን የ1971 ታሪክ ነው። ትራያምፍ ከ1951 ጀምሮ የቢ.ኤስ.ኤ. ንብረት ነበር፤ ኩባንያውም የንድፍ ክፍሉን ከፋብሪካዎቹ ርቆ በሚገኝ አምበርስሌድ በተባለ የመኳንንት ቤት ውስጥ አስቀምጦት ነበር። ሠራተኞቹ በስሙ ላይ ተጫውተው «የእንቅልፍ ሜዳ» የሚል ትርጉም ያለው ቅጽል አወጡለት። ከዚያ የመጣው አዲስ አካል ዘይቱን በውስጡ እንዲሸከም የተሠራ ሲሆን፣ ንድፉ ዘግይቶ ደረሰ፤ ደርሶም ሲገጣጠም ሞተሩ እንዳለ አልገባበትም። የሞተሩን ላይኛ ክፍል ማሻሻል ግድ ሆነ። መቀመጫውም ከፍ ያለ በመሆኑ አጭር ሰው ሲቆም እግሩን መሬት ለማድረስ ይቸገር ነበር። የሽያጩ ወቅት አለፈ፤ ኪሳራውም ቢ.ኤስ.ኤ.ን ሰበረው። በወረቀትና በመፍቻ መካከል ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ስለነበረ አንድ ትልቅ ኩባንያ ወደቀ ማለት ማጋነን ይሆናል፤ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር።

በ1973 የኖርተንና የቢ.ኤስ.ኤ. ቅሪቶች ተዋሕደው በዴኒስ ፑር ሥር ሲተዳደሩ፣ በመስከረም ወር የሜሪደን ፋብሪካ ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ። ሠራተኞቹ በሩን ዘግተው ፋብሪካውን ያዙ። ያለቁትንም ሞተር ብስክሌቶች፣ የመሥሪያ መሣሪያዎቹንም አናስወጣም አሉ። በበሩ ላይ እሳት እያነደዱ ሁለት ክረምት በጥበቃ አሳለፉ። አዲሱ መንግሥት በሥልጣን ላይ ሲወጣ የኢንዱስትሪ ሚኒስትሩ ቶኒ ቤን ደገፋቸውና በመጋቢት 1975 ከመንግሥት በተገኘ ብድርና እርዳታ ፋብሪካው የሠራተኞቹ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሆነ። በመጀመሪያ ከጠራጊ እስከ ኃላፊ ሁሉም እኩል ደመወዝ ነበራቸው።

ይህን ታሪክ አንዳንዱ ጀግንነት፣ ሌላው ሞኝነት ይለዋል። ሁለቱም ከማሽኑ ጎን ቆመው ያሉትን ሰዎች የዘነጉ ናቸው። ሠራተኞቹ የያዙት በ1937 የተነደፈ ሞተር፣ ያረጀ መሣሪያና አንድ ስም ብቻ ነበር፤ አዲስ ሞተር ለመንደፍ የሚበቃ ገንዘብ አልነበራቸውም። ያም ሆኖ የማኅበሩ ዘመን ቦነቪሎች በአሠራራቸው ከቀደሙት ጥቂት ዓመታት ሥራ የተሻሉ እንደሆኑ ብዙ ባለቤቶች ይመሰክራሉ። የፓውንድ ዋጋ በ1970ዎቹ መጨረሻ ሲወደድ የአሜሪካ ገበያ ጠበበ፤ በ1983 በሩ ተዘጋ። ስሙን የገዛው ጆን ብሉር የተባለ የቤት ሥራ ተቋራጭ ነው፤ ሂንክሊ በተባለ ከተማ አዲስ ፋብሪካ አቁሞ በ1991 ፍጹም አዳዲስ ሞተር ብስክሌቶችን መሸጥ ጀመረ። በኋላም ቦነቪል የሚለውን ስም በአዲስ መንታ ሞተር ላይ መለሰው፤ መንቀጥቀጡን የሚያጠፉ ተጨማሪ የሚዛን ዘንጎች ገብተውበታል። ለተርነር ጥያቄ መልሱ ይህ ነበር፤ ከስድሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ መጣ እንጂ።

አሮጌዎቹ በሕይወት የኖሩት በባለቤቶቻቸው ነው። የአሮጌ ሞተር ብስክሌት ወዳጆች ማኅበር በእንግሊዝ አገር የተመሠረተው በ1946 ሲሆን፣ ዛሬ መለዋወጫ ዕቃ በትናንሽ ፋብሪካዎች እንደገና ይሠራል፤ ካርቡሬተሩ ሳይቀር በአዲስ ይገኛል። አዲስ ችግርም አልጠፋም። በ2021 በእንግሊዝ አገር ቤንዚን ውስጥ የሚጨመረው ኢታኖል እስከ 10 በመቶ ሲያድግ ጥንታዊውን ጎማና በፋይበር መስታወት የተሠሩትን የኖርተን የቤንዚን ማጠራቀሚያዎች የሚያሟሟ ሆነ። በባለቤቶቹ መካከልም ያልተቋጨ ክርክር አለ፦ አንደኛው ወገን የኤሌክትሮኒክ እሳት ማቀጣጠያና የተሻለ ፍሬን ገጥሞ በየቀኑ መጋለብ ይሻላል ይላል፤ ሌላው ወገን ከፋብሪካ እንደወጣ መቆየት አለበት ይላል። በ2003 በበርሚንግሃም አጠገብ በሚገኘው ብሔራዊ የሞተር ብስክሌት ሙዚየም ላይ በደረሰ የእሳት አደጋ ከ300 በላይ ሞተር ብስክሌቶች ሲቃጠሉ ሁለቱም ወገኖች በአንድነት አዘኑ። ብዙዎቹ ከቀለጠ ብረት ተነሥተው ዳግም ተሠርተዋል፤ ይህም የሆነው ቴስታታውን እንዴት እንደሚላግ፣ ዘንጉን እንዴት እንደሚመዛዘን የሚያውቅ እጅ ገና በመኖሩ ነው።

በሜሪደን ፋብሪካው በነበረበት መሬት ላይ የተሠሩትን ቤቶች የሚያቋርጡ ሁለት አጫጭር መንገዶች አሉ። አንዱ ቦነቪል፣ ሌላው ዴይቶና ይባላል።